ዱባይ 30 ቢሊዮን ድርሃም መሬት ስር እየቀበረች ነው፤ ለምን?

ዱባይን የምናውቃት ወደ ላይ በመሥራት ነው። 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ፣ የመስታወት ፎቆቹ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሮጠው ሜትሮ፤ ሁሉም ቀና ብለው የሚያዩት ነገር ነው። አሁን ግን ከተማዋ 30 ቢሊዮን ድርሃም፣ ማለትም ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ ማንም ቱሪስት ሴልፊ የማይነሳበት ነገር ላይ ለማዋል ወስናለች። የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ቱቦ ላይ።

ቤተሰብ፣ ዛሬ ይህን ጉዳይ ዘርዘር አድርገን እናየዋለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ እዚያ አላችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ከዚያው ሆናችሁ የምታነቡም ብዙ ናችሁ። ሁለተኛ፣ «ብር ካለ ሁሉም ነገር ይሠራል» የሚለውን አባባላችንን ይህ ታሪክ በደንብ ይፈትነዋል። ዱባይ ብር ነበራት። ዝናቡ የመጣ ቀን ግን ብሩ ውሃውን አልጠጣላትም።

▪️ ያን ቀን ምን ሆነ?

ቀኑ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም። የተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ የዝናብ መዝገብ መያዝ ከጀመረችበት ከ1949 ወዲህ፣ ማለትም በ75 ዓመት ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ዝናብ አልተመዘገበም። አል ዐይን አካባቢ ባለ አንድ የመለኪያ ጣቢያ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በአንድ ቀን ከ140 ሚሊ ሜትር በላይ ተለካ። እዚያ ቦታ በአማካይ በአንድ ዓመት የሚዘንበው ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በሌላ አነጋገር የዓመቱ ዝናብ ከነምርቃቱ በአንድ ቀን መጣ ማለት ነው።

ውጤቱን ሁላችንም በስልካችን አይተነዋል። አውሮፕላኖች ሐይቅ በመሰለ ማኮብኮቢያ ላይ ውሃ እየረጩ ሲሄዱ፣ ሼክ ዛይድ መንገድ ላይ መኪኖች እስከ መስኮታቸው ሰጥመው ሲቆሙ። ከዓለም ቀዳሚ በሆነው በዚህ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሁለት ቀን ውስጥ ከ1,200 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። አንዳንድ የሜትሮ ጣቢያዎች ለአንድ ወር ያህል ተዘግተው ቆዩ።

የሰውም ሕይወት ጠፍቷል። በኤሚሬትስ ቢያንስ 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ ውስጥ 3ቱ የፊሊፒንስ ዜጎች የሆኑ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በጎርፍ በተያዘ መኪና ውስጥ ታፍነው ነው የሞቱት። በጎረቤት ኦማን ደግሞ የትምህርት ቤት ልጆችን ጨምሮ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል።

ልብ በሉ፤ ዝናቡ በአንድ ቀን ቆሟል። ውሃው ግን በአንዳንድ ሰፈሮች፣ በተለይ ሻርጃ ውስጥ፣ ከሳምንት በላይ ተኝቶ ነበር። ጥያቄው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሰማዩ ከጠራ በኋላ ውሃው ለምን አልሄደም?

▪️ «ደመናውን ራሳቸው አዝንበውት ነው» የሚለው ወሬ

መጀመሪያ ይህን እናጥራው፤ ምክንያቱም ያን ሰሞን ከዋናው ጉዳይ በላይ የተራገበው ይሄ ነው። ኤሚሬትስ በአውሮፕላን ደመና ውስጥ ጨው መሰል ንጥረ ነገር በመርጨት ዝናብ የመጨመር ፕሮግራም እንዳላት እውነት ነው፤ ድብቅም አይደለም። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ማዕከል ግን በዚያ ወጀብ ወቅት እንዲህ ዓይነት ሥራ አልሠራንም ብሏል።

የዘርፉ ባለሙያዎችም ያስረዱት አንድ ነገር አለ። ደመና ማዝነብ ቀድሞ ካለ ደመና ትንሽ ተጨማሪ ጠብታ የማውጣት ሙከራ እንጂ፣ ከኦማን እስከ ኤሚሬትስ የተዘረጋ ወጀብ መፍጠሪያ አይደለም። ወጀቡ እንደሚመጣም ትንበያዎች ከቀናት በፊት ተናግረው ነበር።

የዓየር ንብረት ተመራማሪዎችም ነገሩን አጥንተዋል። በኤል ኒኞ ዓመታት በዚያ አካባቢ የሚጥለው ከባድ ዝናብ ቀድሞ ከነበረው ከ10 እስከ 40 በመቶ ጨምሯል ብለዋል፤ ለዚህም የምድር ሙቀት መጨመር ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ለእኛ ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። «ማን አዘነበው?» የሚለው ወሬ «የት ይሂድ ተብሎ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ሸፈነው። ዝናቡን ማንም ያምጣው፣ መሬት ከደረሰ በኋላ መሄጃ ያስፈልገዋል። መሄጃው ደግሞ የመሐንዲስና የበጀት ጉዳይ ነው።

▪️ ሰባት ጀሪካን በካሬ ሜትር

ቁጥሩን ወደምናውቀው ነገር እንመልሰው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ 140 ሚሊ ሜትር ዘነበ ስንል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ተደፋ ማለት ነው። አንድ ክፍል ቤት የሚያህል 16 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 112 ጀሪካን ይሆናል።

አሁን ወደ ሰፈር እናሳድገው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 140 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህን ውሃ 20 ሺህ ሊትር በምትይዝ ቦቴ እናንሳ ብትሉ 7,000 ምልልስ ያስፈልጋል። ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ!

ይህን ሒሳብ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኤሚሬትስ ብዙ ሰፈሮች ዝናብ ሲዘንብ የኖረው መፍትሔ ይሄው ነበር፤ ፓምፕ የተገጠመለት ቦቴ መጥቶ ውሃውን መምጠጥ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚዘንብበት አገር ይሄ ሞኝነት አልነበረም። «ለአምስት ቀን ዝናብ ብዬ በየመንገዱ ሥር ውድ ቱቦ ለምን እቀብራለሁ? ቦቴ ልኬ አስመጥጠዋለሁ» ማለት በወረቀት ላይ ያስኬዳል። የ15 እና የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲሆን በተግባርም ያስኬዳል። 140 ሲመጣ ግን ቦቴውም ራሱ መንገድ ላይ ይሰጥማል።

▪️ የባሕር ዳር ከተማ፣ ውሃ የማይወርድበት ከተማ

«ባሕሩ እኮ አጠገባቸው ነው፤ ለምን ወደዚያ አይለቁትም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከሚመስለው ይከብዳል።

አንደኛ፣ ቦታው ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ራሱ ይወርዳል፤ የከፍታው ልዩነት ይገፋዋል። እኛ ጋ ችግሩ ውሃው ሲወርድ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ዱባይ ላይ ደግሞ ችግሩ ውሃው አለመውረዱ ነው። ቱቦ እንዲሠራ ተዳፋት ይፈልጋል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ቱቦው በሄደ ቁጥር ወደ ጥልቀት መግባት አለበት። ባሕሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከባሕሩ በታች ይሆናል። ያኔ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ትልቅ ፓምፕ የግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ባሕሩ ራሱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሞልቶ ባለበት ሰዓት ዝናብ ከጣለ የቱቦው አፍ በባሕር ውሃ ይደፈናል። መዝጊያ ከሌለው ባሕሩ ወደ ከተማው ሊመለስም ይችላል።

ሦስተኛ፣ በባሕር ዳር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ ጨዋማም ነው። ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። ቱቦ መቅበር ውድ ይሆናል፤ ዝናቡም ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ ያጣል።

አራተኛውና ሰው ሠራሹ፣ አስፋልቱና ኮንክሪቱ ነው። አሸዋ ውሃ ይጠጣል፤ አስፋልት አይጠጣም። ከተማዋ በ50 ዓመት ውስጥ ከትንሽ ወደብነት ወደ ሚሊዮኖች መኖሪያነት ስታድግ፣ በየዓመቱ ሰፊ አሸዋ በሬንጅና በሲሚንቶ ተሸፈነ። ሰማዩ ድሮ ከሚያመጣው ምንም ባይጨምር እንኳ መንገድ ላይ የሚቀረው ውሃ መጨመሩ አይቀርም ነበር።

▪️ «ታስሪፍ» ምን ሊሠራ ነው?

ከጎርፉ ሁለት ወር በኋላ፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም፣ የዱባዩ ገዢ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ «ታስሪፍ» የተባለውን ፕሮጀክት አጸደቁ። ቃሉ በአረብኛ ማፋሰስ ማለት ነው። የተገለጸው ዕቅድ ይህን ይመስላል፦

🔹 ወጪው 30 ቢሊዮን ድርሃም
🔹 መላውን ዱባይ የሚሸፍን አንድ ወጥ መረብ
🔹 በቀን ከ20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የመውሰድ አቅም
🔹 የከተማዋን የማፋሰስ አቅም በ700 በመቶ ማሳደግ
🔹 ማጠናቀቂያው በ2033፤ አገልግሎቱ ለ100 ዓመት

ይሄ ከዜሮ የተጀመረ ሥራ አይደለም። «ታስሪፍ» በሚለው ስም ሥራ የተጀመረው በ2019 ነው። ከጎርፉ በፊትም በጀበል ዓሊና በአል መክቱም አውሮፕላን ማረፊያ በኩል 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው ጥልቅ ዋሻ ተቆፍሮ ነበር። በውስጡ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ማቆም ይቻላል። የዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ ከየሰፈሩ ቱቦ እየሰበሰበ ወደ ባሕሩ ይወስዳል፤ ጫፉ ላይ ፓምፕ ይገፋዋል። በ2025 ደግሞ ወደ 30 የሚጠጉ አካባቢዎችን የሚመለከቱ፣ በድምሩ ከ1.4 ቢሊዮን ድርሃም በላይ የሆኑ 5 ውሎች ተሰጥተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስምርበት። ዋሻው የተሠራው ከተማዋ በአዲስ ወደምትስፋፋበት፣ ገና ሰፊ ባዶ መሬት ወደነበረበት አቅጣጫ ነው። ባዶ መሬት ላይ ቱቦ መቅበር ቀላል ነው። ሰው የኖረበት፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ የኢንተርኔት ገመዱ የተጠላለፈበት ሰፈር ሥር መቅበር ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዙ ዓመት የሚፈጀውም እሱ ነው። ቱቦ ከመንገድ በፊት ሲቀበር እና ከመንገድ በኋላ ሲቀበር ዋጋው አንድ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የተዘለለ ቱቦ ኋላ ላይ ከነወለዱ ይከፈላል።

▪️ ይበቃል ወይ?

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንደምር። በቀን 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት በሰከንድ 230 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ትልቅ ወንዝ ነው።

ግን የዚያን ቀን ዝናብ በዚህ አቅም ብናካፍለው፣ አንድ ቀን ውስጥ ከ140 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ላይ የወረደውን ውሃ ነው ሙሉ በሙሉ የሚያነሳው። ዱባይ ኤሚሬት በጠቅላላ ወደ 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። እርግጥ አብዛኛው በረሃ ነው፤ እዚያ የሚወርደው ውሃ ቱቦ ውስጥ አይገባም። ዝናቡም በሁሉም ቦታ እኩል አይወርድም። ሆኖም ሒሳቡ አንድ ነገር ይነግረናል። አዲሱ መረብ ሙሉ በሙሉ ቢሠራም እንኳ እንደ ሚያዝያ 8 ያለ ቀን ሲመጣ ጎዳናዎች ውሃ ይይዛሉ።

ታዲያ ዋጋው ምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ማፋሰሻ ካለ ውሃው ጉልበት ደርሶ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ከሌለ ወገብ ይደርስና ለሳምንት ይተኛል። በሰዓታት የሚወርድ ውሃ ሥራ ያስቀራል፤ ለሳምንት የተኛ ውሃ ግን መብራት ያቋርጣል፣ አምቡላንስ ያስቀራል፣ የመጠጥ ውሃ ያበላሻል፣ መኪናና የቤት ዕቃ ይበላል። ስለዚህ «ከታስሪፍ በኋላ ጎርፍ የለም» የሚል ሰው ካያችሁ አትመኑት። «ከታስሪፍ በኋላም ያው ነው» የሚለውንም አትመኑት።

▪️ ጅዳን እናስታውስ

ይህን ስንል በባዶ ሜዳ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ጅዳ ከዱባይ በፊት በዚህ እሳት አልፋለች።

ኖቬምበር 25 ቀን 2009 የሐጅ ሥርዓት በሚጀመርበት ዕለት፣ ጅዳ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ የተዘረጋችው በምሥራቅ ባሉት ተራሮችና በባሕሩ መሀል ነው፤ ከተራሮቹ የሚመጣው ውሃ በደረቅ ወንዞች፣ በ«ዋዲ»ዎች ነው የሚወርደው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፤ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ጅዳ ላይም በደረቁ ወንዝ መንገድ ላይ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ ፈቃድም ተሰጥቶ ነበር። በጣም የተጎዱት እንደ ቁወይዛ ያሉ የምሥራቅና የደቡብ ሰፈሮች ነበሩ።

ሳዑዲ ያኔም ብር አላጣችም። የተቆጣው ሕዝብ የጠየቀው «ለማፋሰሻ የተመደበው በጀት የት ገባ?» ብሎ ነው። ንጉሥ አብደላ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጉቦና በሥልጣን አላግባብ መጠቀም የተከሰሱ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች እስርና የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባቸው። በመሀሉ ግን በጃንዋሪ 2011 ሌላ ከባድ ዝናብ መጣ፤ ኡም አል ኸይር የሚባለው ግድብም ተደርምሶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ዝናብ ፍርድ ቤት እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ በምሥራቅ በኩል ግድቦች ተሠሩ፤ ውሃውን ወደ ባሕር የሚወስዱ ቦዮች ተዘረጉ፣ ሰፉ። ኖቬምበር 24 ቀን 2022 ደግሞ ፈተናው መጣ። በደቡብ ጅዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ፤ ከ2009ኙ በእጅጉ የሚበልጥ። መንገዶች ተጥለቀለቁ፣ መኪኖች ተደራረቡ፣ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። የሞቱት ሰዎች ግን 2 ነበሩ።

ከ120 በላይ የነበረው ወደ 2 የወረደው በግድብና በቦይ ብቻ ነው አንልም። በ2022 ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በረራዎች ዘግይተዋል፤ ዝናቡም የወረደበት ቦታ አንድ አይደለም። ግን ማፋሰሻና ማስጠንቀቂያ አብረው ሲሠሩ ምን ያህል ሕይወት እንደሚተርፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

እንግዲህ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው አንድ በሽታ ነው የምናየው። ዱባይ ላይ ቱቦው የተዘለለው «አይዘንብም» ተብሎ ነው። ጅዳ ላይ ሥራው የተበላሸው ማንም አያይም ተብሎ ነው። መሬት ስር ያለ ሥራ አይታይም፤ ስለዚህ ለመዝለልም ለመስረቅም ይመቻል። ሪባን የሚቆረጠው ለመንገዱ ነው፤ ከመንገዱ ሥር ያለውን ቱቦ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። የሚያየው ዝናቡ ብቻ ነው።

▪️ የቱቦው ድንበር የት ያበቃል?

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በኤሚሬትስ ከ10 ነዋሪ 9ኙ ያህል የውጭ ዜጋ ነው። በቤት ሠራተኝነት፣ በጽዳት፣ በሆቴል፣ በሹፍርና የሚሠሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን እዚያ አሉ። ብዙዎቹ ቤት ሳይሆን አልጋ ብቻ ነው የሚከራዩት።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የኤሚሬትስ መንግሥት የተጎዱ ቤቶችን ለመጠገን 2 ቢሊዮን ድርሃም መድቧል። ጥሩ ነው። ገንዘቡ ግን የተመደበው ለዜጎች ቤት ነው። አልጋ ተከራይቶ ሻንጣው ውሃ የገባበት ሰው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት «ከቤት ሆናችሁ ሥሩ» ይባላል፤ ቤት የሚያጸዳ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ታክሲ የሚነዳ ሰው ግን ከቤት ሆኖ የሚሠራው ሥራ የለውም። የቀን ደመወዙ በውሃው ነው የሚሄደው።

ሌላው ነገር ደግሞ ካርታው ነው። ዱባይ እየሠሩ ሻርጃ የሚያድሩ በጣም ብዙ ናቸው፤ ኪራይ ስለሚቀንስ። የ30 ቢሊዮኑ «ታስሪፍ» ግን የዱባይ ፕሮጀክት ነው። ሻርጃ የራሷ ገዢ፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት፣ የራሷ በጀት ያላት ሌላ ኤሚሬት ናት። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው ድንበር መንገድ ላይ በቅጡ አይታይም፤ አንዱ ሕንፃ ዱባይ፣ ቀጣዩ ሻርጃ ነው። ውሃም ድንበሩን አያውቅም። ቱቦው ግን ያውቃል። በ2016ቱ ጎርፍ ውሃው ረጅም ጊዜ የተኛው ደግሞ እዚያው ሻርጃ መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ «ዱባይ ጎርፍን ልታሸንፍ ነው» የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ሰፈር? በየትኛው ዓመት?» የሚለው ነው።

▪️ እስከ 2033 ምን እንከታተል?

እኛ ሦስት ነገሮችን እንከታተላለን፤ እናንተም ተከታተሉ።

1️⃣ ቅደም ተከተሉ፦ ውሎቹ ሲሰጡ የትኞቹ ሰፈሮች ይቀድማሉ? ቪላና የገበያ ማዕከል ያለበት ወይስ ሠራተኛ ተጨናንቆ የሚኖርበት? በየጊዜው የሚወጣውን የአካባቢ ዝርዝር ማየት በቂ ነው፤ የአገር ቅድሚያ እዚያ ላይ ይነበባል።

2️⃣ ጥገናው፦ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ቱቦ ቀሪውን ቀን አሸዋና ቆሻሻ ይሞላበታል። የበረሃ ከተማ ማፋሰሻ ትልቁ ጠላቱ ድርቁ ነው። ለመሥራት 30 ቢሊዮን ተመድቧል፤ በየዓመቱ ለመጥረግስ? ይሄ ደግሞ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ ሲገባ በሃይላንድና በፌስታል ተደፍኖ መንገድ ላይ የሚገነፍል ዲች ያላየ ማን አለ?

3️⃣ አዲሱ ግንባታ፦ ቱቦ እየተቀበረ በሌላ በኩል አሸዋው በአስፋልት መሸፈኑ ከቀጠለ፣ አቅሙ ገና ሳይጠናቀቅ ይበላል። አዳዲስ ሕንፃዎች የራሳቸውን የዝናብ ውሃ እንዲይዙ ይገደዳሉ ወይ? ክፍት መሬት ይቀራል ወይ?

▪️ እዚያ ላላችሁ

2033 ሩቅ ነው፤ ቀጣዩ ዝናብ ግን ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው እስኪደርስ ድረስ ራሳችሁን ጠብቁ።

✅ ምድር ቤት ወይም ከመንገድ ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ውል ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ፎቶውንም አንስታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ።

✅ ውሃ ክፍል ውስጥ ከገባ መጀመሪያ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። እግራችሁ ውሃ ውስጥ እያለ ማብሪያ አትንኩ።

✅ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ስልክና ፓወር ባንክ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ የመጠጥ ውሃ ያዙ።

✅ ሹፌሮች፦ ውሃ ወደሞላው መንገድ አትግቡ። ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ መኪና ያንሳፍፋል። ጎርፍ ወደሚወርድበት ዋዲ መግባት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ 2,000 ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና ለ60 ቀን መኪና መታሰር ያስቀጣል። ጎርፍ ለማየት ዋዲ ዳር መሰብሰብ እንኳ 1,000 ድርሃም ያስቀጣል።

✅ መኪና ያላችሁ የኢንሹራንሳችሁን ወረቀት አንብቡት። የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ጎርፍ ለበላው መኪናችሁ ምንም አይከፍላችሁም።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የዝናብ ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ደውሉ። «ደህና ነሽ?» ብቻ ሳይሆን «ስንተኛ ፎቅ ነሽ? ውሃ ከገባ የት ትሄጃለሽ? ማን አለሽ አጠገብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሠሪ ቤት ውስጥ ያለች እህት ራሷ ወጥታ መሄድ ላትችል ትችላለች፤ ቢያንስ አድራሻዋን የሚያውቅ ሰው ይኑር።

በቀጣይ ዓመታት ዱባይ ውስጥ መንገድ ተቆፍሮ፣ ትራፊክ ተጨናንቆ፣ ሰው ሲማረር ትሰማላችሁ። ያ ምሬት የዘገየ ሥራ ዋጋ ነው። ከተማዋ መንገዱን ስትሠራ ቱቦውን አብራ ቀብራ ቢሆን፣ ዛሬ ሁለቴ ባልቆፈረች ነበር። አሁንም ቢሆን ግን መቆፈሯ ካለመቆፈሯ ይሻላል።

በኤሚሬትስ፣ በሳዑዲ ወይም በኦማን ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፦ በሰፈራችሁ የማፋሰሻ ሥራ ተጀምሯል? የመጨረሻው ዝናብ ሲጥል ውሃው ስንት ቀን ተኛ? የሰፈራችሁን ስም ጠቅሳችሁ ንገሩን። የራሳችሁን ስምና ትክክለኛ አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም።